ሁለት ብልቃጥ

ከሺምከንት፣ ከሞቃቱ አገር፣ አሮጌ ካማዝ ገዝቼ ስወጣ
ሻጩ ጨበጠኝና እንዲህ አለ፣ ምክርም ከዕቃ ጋር ሲመጣ፦
«ሞተሩ አርጅቷል፣ ዘይት ይጠጣል፤
ወፍራሙን ስጠው፣ ወፍራም ያዋጣል።»

አመንኩት። ወፍራም ማን ይጠላል?
ወፍራም ሾርባ፣ ወፍራም ካፖርት፣ ከብርድ ያስጥላል።

ዠዝቃዝጋን ደረስኩ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ፤
የመዳብ ፋብሪካው ጭስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ነፋስ ሳይነፍስ።
ሌሊቱን ሠላሳ ስምንት ወረደ ከዜሮ በታች፤
ምራቄ መሬት ሳትነካ ጠጠር ሆና ወደቀች።

ሲነጋ ቁልፉን አዞርኩ።
አንዴ አቃሰተ።
ሁለተኛ፣ እንደ ሽማግሌ ጉልበት፣ ቋ።
ሦስተኛ፣ ዝም።
ባትሪው ሞተ።

ጨርቅ ናፍጣ ነክሬ፣ ለኩሼ፣ ከካርተሩ ሥር ላስገባ ስል
«ጠብሰህ ልትበላው ነው?» አለችኝ አንዲት ሴት ከኋላዬ ቀስ ስትል።

ኩንሱሉ አፓ ናት፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ ዘይት የምትሸጥ፤
የመዳፏ መስመር ጥቁር ነው፣ በሳሙና የማይለወጥ፤
ንግግሯም እንደ መቅጃዋ፣ ጠብታ አያፈስ በከንቱ።
«ና» አለች። ሄድኩ። ሌላ የት እሄዳለሁ፣ በዚያ ንጋቱ?

መስኮቷ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ሁለት ብልቃጥ ተቀምጠዋል፤
ሌሊቱን ሙሉ ከውርጩ ጋር ሲከራከሩ አድረዋል።
አንዱን ዘነበለችው፤ ፈሰሰ፣ እንደ ሻይ።
ሌላውን ዘነበለችው፤ ቀጥ። ሰም። ቂጡን ወደ ሰማይ
አዙራ ያዘችው፤ ቆየንና አንዲት ዘለላ
እስከ አፉ መጥታ፣ አሰበችና፣ ቀረች ተንጠልጥላ።

«ይኸ ያንተ ነው፤ አሥራ አምስት ደብሊው አርባ።
ያ ዜሮ ደብሊው ሠላሳ። አሁን ጆሮህ ይግባ፤
የፊተኛው ቁጥር ለንጋት ነው፣ ለመነሻው፤
የኋለኛው ለቀትር ነው፣ ለዳገቱ መጨረሻው።
ብረት የሚያልቀው በሩቅ መንገድ ብቻ አይምሰልህ፤
ዘይቱ ከታች ወጥቶ እስኪደርስ፣ በዚያች ደቂቃ ነው የሚበላብህ።»

ቀየርን። ካማዙ ተነሣ።
እኔም ተማርኩ አልኩ፤ ተማርኩ ባይ ግን ቶሎ ይረሳ።

በሐምሌ፣ ያንኑ ቀጭን ዘይት እንደያዝኩ፣ ሐብሐብ ጭኜ ከደቡብ፣
አርባ ሁለት ዲግሪ፣ አስፋልቱ እንደ ሊጥ ጎማ ሲስብ፣
የቃራታው ዳገት ወገብ ላይ ያቺ ቀይ ምስል በራች፤
ማንቆርቆሪያ የመሰለችው፣ ጠብታ ካፏ ያንጠለጠለች።
ዘይቱ ውኃ ሆኗል። ብረት ብረትን ሲጠራው ሰማሁ።
አጠፋሁ። ከመኪናው ጥላ ሥር ሁለት ቀን ተኛሁ፤
ሐብሐብ እየቆረስኩ ለአላፊ አግዳሚ፣ በነጻ፣ ሳይበሰብስ፣
አንዱ ወፍራሙን ዘይት ይዞልኝ እስኪመለስ።

ሞተሩ ተረፈ። በመስከረም ወደ አፓ ሄድኩ፣ ተናድጄ፤
«ቁርጡን ንገሪኝ! ቀጭን ወይስ ወፍራም?»
«የት ትሄዳለህ፣ ልጄ?»
«...»
«ምን ጭነህ?»
«...»
«መቼ?»
አላወቅኩም። ጭነት የሚሰጠኝን ሰው ገና አላገኘሁም።
በርጩማ ሳበችልኝ። «ስታውቅ ንገረኝ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከሱቋ ጀርባ ላዳ አለ፣ የሟች ባሏ የሳጊንታይ፣
ጎማው የተነፈሰ፤ ስድስት ዓመት ፈቀቅ ሲል ያልታየ፣ ከነፀሐይ
መከላከያው። በየጥቅምቱ አሮጌውን ዘይት ታወርዳለች፤
ፊልትሮ ትለውጣለች፤ አዲስ ትሞላለች።

ዘንድሮ መብራቱን የያዝኩላት እኔ ነኝ።
«አፓ» አልኳት፣ «የትም ለማይሄድ መኪና የቱ ቁጥር ነው? ንገሪኝ።»

መቅጃዋን ቀና አላደረገችም። ወርቃማው ክር እስኪሳሳ
አየችው።

«ቀጭኑ» አለች።
«ምናልባት በብርድ ቀን ቢነሣ።»